ወንዶቹ ሲዘምቱ ቤቱን ማን ያዘው?



የጦርነት ታሪክ ሲነገር ዘወትር የምንሰማው የጦር አዝማቹን ስም፣ የወደቀውን ከተማና የተማረከውን ሠራዊት ብዛት ነው። አባወራው ከዘመተ በኋላ ልጆቹን ማን አበላ? ዕዳውን ማን ከፈለ? የሟቹን ንብረት ማን ተረከበ? ለሚሉት ጥያቄዎች ግን መልስ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። በዚህ ወር ዓምዳችን ወደ ጥንታዊቷ ግሪክ ተሻግረን ይህንኑ የቤቱን ወገን ልንመለከት ወደናል። ግሪክን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሕዝቦቿ 27 ዓመት የዘለቀ ጦርነት እርስ በርሳቸው ተዋግተዋል። መጻፍም የሚወዱ ስለ ነበሩ የታሪክ መጽሐፋቸው ብቻ ሳይሆን በፍርድ ቤት የተከራከሩበት ንግግር ጭምር እስከ ዛሬ ቆይቷል። እንዲያውም ስለ ሴቶቹ ኑሮ አብልጦ የሚነግረን ከታሪክ መጽሐፉ ይልቅ ይኸው የችሎት ንግግር ነው።

ወጣት አንባብያን እንዳይደናገሩ አንድ ነገር እናስቀድም። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው የግሪክ ዓመታት በሙሉ ከልደት በፊት ያሉ ናቸው። ስለዚህ ዘመኑ ወደ ፊት በሄደ መጠን ቁጥሩ እየቀነሰ ይመጣል።

ጦርነቱ የፔሎፖኔሶስ ጦርነት ይባላል። በአንድ ወገን የባሕር ኃይል ያላትና ከብዙ ደሴቶችና ከተሞች ግብር የምትሰበስበው አቴና፣ በሌላ ወገን ደግሞ በእግረኛ ጦሯ የምትፈራው ስፓርታ ከነአጋሮቻቸው ተሰለፉ። በ431 ተጀምሮ በ404 በአቴና ሽንፈት አበቃ። ታሪኩን የጻፈው ቱኪዲደስ ራሱ የአቴና ጦር አዛዥ የነበረ ሰው ሲሆን፣ መጽሐፉ በ411 ላይ ስለሚቋረጥ ቀሪውን ክሴኖፎን ቀጥሎበታል። ሁለቱም ወንዶች ናቸው። ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸውም ሁሉ እንዲሁ ወንዶች ናቸው። በዚህ ጦርነት ዘመን የአቴና ሴት በገዛ እጇ የጻፈችው ታሪክ ስላልደረሰን፣ የምንሰማት ወንዶቹ ስለ እሷ ሲናገሩ ብቻ መሆኑን አንባቢ በልቡ ይያዝልን።

ከጦርነቱ በፊት የአቴና ዜጋ የሆነች ሴት ኑሮ ምን ይመስል ነበር? ሀብት ያለው ቤት ከሆነ ገበያ የሚወጣው ባሪያ ወይም ባልየው ራሱ ነው። እሷ ከቤት ሆና ሱፍ ትፈትላለች፣ ትሸምናለች፣ ጎተራውን ትጠብቃለች፣ አገልጋዮቹን ታዛለች። ድሃ ከሆነች ግን መቼም ውኃ ሳትቀዳ፣ ሳትሸጥና ሳትገዛ አትኖርም። በሕግ በኩል ግን ሀብታሟም ድሃዋም አንድ ናቸው። ሁልጊዜ አንድ ወንድ ኃላፊ አላቸው፤ ሳያገቡ አባት ወይም ወንድም፣ ሲያገቡ ባል፣ ባል ሲሞት ደግሞ የደረሰ ልጅ ወይም የአባት ወገን ዘመድ። ለአንባቢዎቻችን ነገሩን ለማቅረብ ያህል ወሊይ ልንለው እንችል ይሆናል፤ ሆኖም የአቴናው ኃላፊ ሥልጣን ከጋብቻ አልፎ ገንዘቧንና ክርክሯን ሁሉ የሚጨምር ነበር። በሕጉ መሠረት ሴት በራሷ መዋዋል የምትችለው እስከ አንድ ሜዲምኖስ ገብስ ዋጋ ድረስ ብቻ ነው። ይህም ወደ 50 ሊትር የሚጠጋ ስፍር ነው፤ ከአንድ ጆንያ ገብስ የሚያልፍ ጉዳይ ሁሉ የወንድ ጉዳይ ነበር ማለት ነው። ስታገባም ገንዘብ የሚሰጠው እንደ መህር ከባል ወደ እሷ ሳይሆን ከአባቷ ወደ ባሏ ነው። ገንዘቡን የሚያስተዳድረው ባል ሲሆን፣ ትዳሩ ቢፈርስ ወደ ወገኖቿ ይመለሳል።

ጦርነቱ በተጀመረ በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ላይ የአቴና መሪ የነበረው ፔሪክለስ የሟቾቹን የቀብር ንግግር አደረገ። ይህ ንግግር በዓለም ላይ እጅግ ከሚታወቁት አንዱ ነው። ባሎቻቸውን ላጡት ሴቶች ግን በመጨረሻው ላይ ጥቂት ቃል ብቻ ነው የመደበላቸው፤ መልእክቱም የሴት ክብር በወንዶች መካከል ለምስጋናም ሆነ ለነቀፋ ስሟ ባለመነሳቱ ነው የሚል ነበር። ወንዶች ልጆቻቸውን እስኪደርሱ ድረስ መንግሥት እንደሚያሳድግም አስታወቀ። ልጆቹ ቀለብ አገኙ፣ እናቶቹ ምክር አገኙ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ማንም ስም ሳይነሳ ቤቱ ተቀምጦ የሚያሳልፈው ነገር አልነበረም። የገጠሩ ሕዝብ መሬቱን ለጠላት ትቶ ወደ ከተማው ቅጥር ውስጥ ገባ። ማረፊያ ያጣው በየቤተ ጣዖቱና በየዳሱ ሰፈረ። በ430 ወረርሽኝ ተነሣና ያንን የተጨናነቀ ሕዝብ አጨደው። ፔሪክለስ ራሱ ሁለት ልጆቹን ቀብሮ በ429 ሞተ። በ415 ወደ ሲሲሊ የተላከው ታላቅ ጦር በ413 ተደመሰሰ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ አለቁ፣ ከ7,000 የማያንሱ ምርኮኞችም በሲራኩዝ ከተማ የድንጋይ ካባ ውስጥ ታጎሩ። በዚያው በ413 ስፓርታውያን ከአቴና የአንድ ቀን መንገድ እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ ዴኬሌያ በምትባል ስፍራ ምሽግ ሠርተው ተቀመጡ። ከ20,000 በላይ ባሮች፣ አብዛኞቹም የእጅ ባለሙያዎች፣ ከአቴና መኮብለላቸውን ቱኪዲደስ ጽፏል። ባል ዘምቷል ወይም ሞቷል፣ ባሪያ ኮብልሏል፣ እርሻው በጠላት እጅ ነው። በቤቱ ውስጥ የቀረው እጅ የማን እንደሆነ መናገር አያስፈልገንም።

በመጀመሪያ በጦርነቱ እሳት ውስጥ በቀጥታ የገቡትን እንመልከት። ፕላቴያ ከአቴና ጋር የወገነች ትንሽ ከተማ ነበረች። በ431 የጤቤስ ሰዎች በሌሊት ሲገቡባት ሴቶቹና ባሮቹ ጣሪያ ላይ ወጥተው ድንጋይና የጣሪያ ሸክላ አዘነቡባቸው። በዚያው ሌሊት ግን ከወራሪዎቹ ጥቂቶቹ ባልተጠበቀ በር በኩል ያመለጡት አንዲት ሴት መቀርቀሪያውን የሚቆርጡበት መጥረቢያ ስለሰጠቻቸው ነው ይላል ቱኪዲደስ። ለምን እንደሰጠቻቸው አይናገርም። እኛም የዚህችን ሴት ነገር ብዙ አስበንበታል፤ አዝና ይሆን፣ ወይስ ቶሎ ከከተማዋ እንዲወጡላት ፈልጋ?

ከሁለት ዓመት በኋላ ስፓርታውያን ፕላቴያን ሲከቧት ሕፃናቱ፣ ሽማግሌዎቹና አብዛኞቹ ሴቶች ቀደም ብለው ወደ አቴና ተወስደው ነበር። በከተማዋ ውስጥ የቀሩት 400 የአገሩ ወንዶች፣ 80 አቴናውያንና እንጀራቸውን የሚጋግሩላቸው 110 ሴቶች ናቸው። ከበባው ከ429 እስከ 427 ቆየ። እህሉ እየተመናመነ ሲመጣ በአንድ የክረምት ሌሊት 212 ወንዶች መሰላል ተክለው በጠላት ቅጥር ላይ ተሻግረው አመለጡ። ሴቶቹ ከቀሩት ጋር ቀሩ። ከተማዋ እጇን ስትሰጥ ከ200 የማያንሱ የፕላቴያ ወንዶችና 25 አቴናውያን ተገደሉ፣ ሴቶቹ በባርነት ተሸጡ። ታሪክ ጸሐፊው የእነዚህን ሴቶች ቁጥር ሳይረሳ መመዝገቡ ራሱ የሚያስገርም ነው። የአንዲቷንም ስም ግን አልጻፈም። በ416 በሜሎስ ደሴትም ወንዶቹ ሲታረዱ ሴቶቹና ሕፃናቱ ተሽጠዋል። ያንን ያደረገችው ደግሞ ያቺው አቴና ናት።

አሁን ወደ ቤት እንግባ። ጦርነቱ በ404 ሲያበቃ ስፓርታ በአቴና ላይ ሠላሳ ሰዎችን ሾመች። የእነሱን ግፍ ሸሽተው ብዙ ወንዶች ፒሬዎስ ወደሚባለው ወደብ ወረዱ፤ የእርስ በርስ ውጊያም ተነሣ። በዚህ ጊዜ አሪስታርኮስ የሚባል ሰው ፊቱ ጠቁሮ ያገኘው ፈላስፋው ሶቅራጥስ ምን ሆነህ ነው ብሎ እንደ ጠየቀው ክሴኖፎን ይተርካል። የሰውየው ችግር ለአንባቢዎቻችን እንግዳ አይሆንም። ወንዶቹ ጥለዋቸው የሸሹ እህቶቹ፣ የእህትና የወንድም ልጆቹ፣ የአጎትና የአክስት ልጆቹ ሁሉ እሱ ቤት ተሰብስበዋል። ባሮቹን ሳይቆጥር 14 ነፃ ሰው በአንድ ቤት! መሬቱን ጠላት ይዞታል፣ በከተማው ሰው ስለሌለ የሚከራይ ቤት ኪራይ አያመጣም፣ የቤት ዕቃ ቢሸጥ የሚገዛ የለም፣ ብድርም ከመንገድ ላይ ገንዘብ ከማግኘት ይልቅ የከበደ ሆኗል። ዘመድ ዓይኑ እያየ ሲራብ ዝም ማለት አይቻል፣ ይህንን ሁሉ ሰው ማብላትም አይቻል።

ሶቅራጥስ በዚያው ከተማ ብዙ ሰው ይዘው በደህና የሚኖሩትን ጠራለት፤ አንዱ ዱቄት ያስፈጫል፣ አንዱ ዳቦ ይጋግራል፣ ሌላው ካባ ያሠራል። አሪስታርኮስ የመለሰው መልስ የዘመኑን ሰው አስተሳሰብ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። እነሱ የሚያሠሩት ገዝተው ያመጡትን ባሪያ ነው፣ በእኔ ቤት ያሉት ግን ነፃ ሰዎችና የሥጋ ዘመዶቼ ናቸው አለ። ሶቅራጥስም ነፃና ዘመድ ስለሆኑ መብላትና መተኛት ብቻ ነው ወይ የሚገባቸው ብሎ ጠየቀው። ቀጥሎ የተናገረው ነገር ግን ከምክሩ ሁሉ የጠለቀ ይመስለናል። አሁን አንተ እንደ ሸክም ታያቸዋለህና አትወዳቸውም፤ እነሱም እንደከበዱብህ ያውቃሉና አይወዱህም፤ በዚህ ከቀጠለ የድሮው ዝምድና እንኳ ይጠፋል የሚል ነበር ነገሩ። መፍተልና መሸመን ደግሞ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል።

አሪስታርኮስ ተበድሮ ሱፍ ገዛ። ሴቶቹ እየሠሩ ምሳቸውን ይበላሉ፣ እራት የሚቀርበው ሥራው ሲያበቃ ነው። ክሴኖፎን እንደሚለው የኮሶ መራራ የመሰለው ፊታቸው ፈካ፣ በክፉ ዓይን መተያየቱ ቀረ። ትንሽ ቆይቶ አሪስታርኮስ እየሳቀ ወደ ሶቅራጥስ መጣ። አሁን በቤቱ ውስጥ ሳይሠራ የሚበላው እሱ ብቻ ነው ብለው ሴቶቹ እንደወቀሱት ነገረው። ሶቅራጥስ በጎችን ስለሚጠብቅ ውሻ ተረት ነግሮ አጽናናው፤ እኛ ግን ተረቱን ትተን ወቀሳውን እንያዝ። ትናንት ጥገኛ ተብለው አንገታቸውን ደፍተው የተቀመጡ ሴቶች ዛሬ የቤቱን ወንድ ለምን አትሠራም ለማለት በቁ። ይህንን ቃል ያናገራቸው በእጃቸው ያገኙት እንጀራ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ሌላው ታሪክ የሙት ልጆች ገንዘብ ጉዳይ ነው። ዲዮዶቶስና ዲዮጌይቶን የአንድ አባትና የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ዲዮዶቶስ በንግድ ስለበለጸገ ወንድሙ ዲዮጌይቶን ሴት ልጁን ዳረለት። አንባቢ ይደነግጥ ይሆናል፤ አጎት የወንድሙን ልጅ ማግባቱ በአቴና ሕግ ያልተከለከለ ነበርና እንደ ነበረ እንጽፈዋለን። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ዲዮዶቶስ ለዘመቻ ሲጠራ ወንድሙንና ሚስቱን አስቀምጦ ያለውን ሁሉ በአማና አስረከበ። 5 ታለንት ብር በእጅ፣ በመርከብ ንግድ ላይ ያበደረው 7 ታለንት ከ40 ምና፣ ሌላም ከዚያ በተጨማሪ። ይህ ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት አንድ ታለንት 6,000 ድራክማ መሆኑንና የዚያን ጊዜ ግንበኛ የቀን ደመወዝ አንድ ድራክማ ያህል እንደ ነበር ማወቅ ይበቃል። የጽሑፉን ግልባጭ ቤት ትቶ ሄደ። በ409 በኤፌሶን ተገደለ።

ዲዮጌይቶን የባሏን መሞት ከገዛ ልጁ ለጊዜው ደበቀ። ብድር ለማስመለስ ያስፈልገኛል ብሎ የታተመውን ጽሑፍ ተቀበላት። ሐዘኑ ካለፈ በኋላ እሷን ለሌላ ሰው ዳራት፤ ይዛ እንድትሄድ ባሏ ከተናዘዘላት ገንዘብ ላይም 1,000 ድራክማ ቀነሰ። ልጆቹን ወሰደ። በስምንተኛው ዓመት ታላቁ ልጅ ለአካለ መጠን ሲደርስ ጠርቶ፣ አባታችሁ የተወላችሁ 20 ምና ብርና 30 የወርቅ ገንዘብ ብቻ ነው፣ እኔም ከኪሴ ብዙ አወጣሁባችሁ፣ ከእንግዲህ ራስህን ቻል አለው። ልጆቹ እያለቀሱ ወደ እናታቸው ሄዱ።

እዚህ ላይ ያቺ ሴት ያደረገችውን እናስተውል። በፍርድ ቤት መቆም አትችልም፤ ሕጉ አይፈቅድላትም። ስለዚህ የልጇን ባል ለምና የዘመድ ሸንጎ እንዲጠራ አደረገች። በወንዶች ፊት መናገር ልማዷ እንዳልሆነ፣ የደረሰባቸው መከራ ግን ዝም እንደማያሰኛት ተናግራ ጀመረች። ከዚያም በዓመት፣ በገንዘብ ልክና በተበዳሪ እየለየች የአባቷን ሒሳብ አንድ በአንድ አፈረሰችው። ዲዮጌይቶን ቤት ሲቀይር ልጆቹ ወድቆ ያገኙትንና ያመጡላትን የሒሳብ መዝገብ አቀረበች። በፈለጋችሁት ቦታ በልጆቼ እምላለሁ አለች። የልጅ ልጆቹን ያለ ጫማና ያለ መኝታ ከገዛ አባታቸው ቤት እንዳባረራቸው፣ ከሌላ ሚስቱ የወለዳቸውን ግን በድሎት እንደሚያሳድግ በፊቱ ነገረችው። ሸንጎው ተነሥቶ ሲወጣ አንድም ሰው ቃል ሊተነፍስ አልቻለም፤ ሁሉም ያለቅስ ነበር ይላል ጽሑፉ።

ክርክሩ በኋላ በ400 ገደማ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ንግግሩን ያዘጋጀው ታዋቂው የንግግር ጸሐፊ ሊሲያስ ሲሆን፣ የተናገረው አማቿ ነው። በችሎቱ የተነበበው የወጪ ዝርዝር የዲዮጌይቶንን ዘዴ ያሳያል። ለበዓል 16 ድራክማ በግ ገዛሁ ይልና 8ቱን በልጆቹ ላይ ይጽፋል። ለአባታቸው መቃብር 5,000 ድራክማ አወጣሁ ይልና ግማሹን እኔ፣ ግማሹን እነሱ ይላል፤ መቃብሩ ግን ከዚያ ግማሽ በላይ አልፈጀም። የሰው ገንዘብ መብላት የሚፈልግ በማናቸውም ዘመን ሒሳብ ማወቁ አይቀርም። እዚህ ያጋለጠችው ሴት ግን፣ በሕግ ከአንድ ጆንያ ገብስ በላይ እንዳትዋዋል የተከለከለችዋ ሴት፣ የመርከብ ብድር ሒሳብ አንብባ የምትከራከር ሆና ተገኘች።

አንባቢዎቻችን ይህን ሲያነቡ በዑሑድ ዘመቻ ሸሂድ የሆኑትን የሰዕድ ኢብኑ ረቢዕን (ረ.ዐ.) ባለቤት ሳያስታውሱ አይቀሩም። እሳቸውም ሁለት ሴት ልጆቻቸውን ይዘው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ ቀርበው አጎታቸው ንብረቱን ሁሉ እንደ ወሰደባቸው አመለከቱ። የውርስ አንቀጽ ወረደ፤ ለልጆቹ ሁለት ሦስተኛ፣ ለእናታቸው አንድ ስምንተኛ እንዲሰጥ ታዘዘ። ከአቴናይቱ መበለት ጋር ነገሩ አንድ ዓይነት ነው፤ ጦርነት፣ የሞተ አባት፣ ንብረቱን የያዘ አጎት። ልዩነቱ አንደኛዋ ራሷ ቀርባ አቤት የምትልበት ደጅ ማግኘቷና ሌላኛዋ ማጣቷ ነው።

ስለ ስፓርታም ጥቂት እንበል። የዚያ አገር ወንድ ከልጅነቱ ጀምሮ በጦር ሰፈር ስለሚኖር የእርሻው አስተዳደር በብዙው ለሴቷ ይቀራል፤ መሬት መያዝም ትችላለች። ጦርነቱ ወንዶቹን እየጨረሰ ሲሄድ መሬቱ በሴት ወራሾች እጅ ተከማቸ። አርስቶትል በዘመኑ ከአገሩ መሬት ሁለት አምስተኛው ያህል የሴቶች እንደ ነበር ጽፏል። በ371 በሌውክትራ ውጊያ ከተሰለፉት 700 የስፓርታ ዜጎች 400ው ሲሞቱ ከተማዋ ዳግም አላንሠራራችም። የንጉሡ የአጌሲላዎስ እህት ኪኒስካ በሀብቷ የውድድር ፈረሶች አሠልጥና በ396ና በ392 በኦሎምፒያ በሠረገላ ውድድር ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች፤ ነጂው ሌላ ቢሆንም አክሊሉ የባለፈረሱ ነው። አርስቶትል ግን ለስፓርታ ውድቀት ከምክንያቶቹ አንዱ የሴቶቹ ልቅነት ነው ይላል። ወንዶቹን ዕድሜ ልካቸውን ጦር ሜዳ ያዋለውን ሥርዓት ትቶ ቤት የጠበቁትን መውቀሱ ለእኛ ሚዛን አይደፋም።

በአቴና በ411፣ ከሲሲሊው ጥፋት ሁለት ዓመት በኋላ፣ አሪስቶፋነስ ሊሲስትራታ የተባለውን ቀልደኛ ትያትር አሳየ። በትያትሩ የግሪክ ሴቶች ተማምለው ከባሎቻቸው ይለያሉ፣ የመንግሥት ገንዘብ ያለበትን ኮረብታ ይይዛሉ፣ ወንዶቹን ሰላም እስኪያወርዱ ያስጨንቃሉ። ዝርዝሩ ለቤተሰብ መጽሔት አይሆንም። ደግሞም ሴቶቹን ሆነው የተጫወቱት ጭምብል ያጠለቁ ወንዶች ናቸው። ሆኖም በዚያ ሁሉ ሳቅ መካከል አንድ የማያስቅ ነገር አለ፤ ዘማች ሽበት አውጥቶ ቢመለስም ልጃገረድ ያገባል፣ ሴት ግን ጊዜዋ አጭር ነውና ስትጠብቅ ታልፋለች የሚል። ወንድ ስላነሰ አቴናውያን ሰው ከሁለት ሴት ዜጎች እንዲወልድ ፈቀዱ ብሎ ዲዮጌነስ ላኤርቲዮስ የጻፈው ወሬም አለ። ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የተጻፈ ስለሆነና ክሴኖፎን ምንም ስላላነሣው ብዙ አንደገፍበትም።

እንግዲህ ሰላም ሲመጣ ይህ ሁሉ የሴቶች ሥራ ምን ተደረገበት? በ403 አቴናውያን መንግሥታቸውን መልሰው ሲያቋቁሙ፣ ዜጋ የሚሆነው ከአባቱም ከእናቱም አቴናዊ የሆነ ብቻ ነው የሚለውን የፔሪክለስን ሕግ እንደገና አጸኑት። የእናት ማንነት የልጅ መብት ሆነ። ሴቲቱ እንድትዋዋል ወይም እንድትከራከር የፈቀደ አዲስ ሕግ ግን አልወጣም። በጦርነቱ ጊዜ በችግር የሠራችው ሥራ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በልጇ ላይ ክስ ሆኖ ሲመጣ የምናየው በዚህ ምክንያት ነው።

በ346 በየቀበሌው የዜጎች መዝገብ ሲመረመር ኤውክሲቴዎስ የሚባል ሰው ዜጋ አይደለህም ተብሎ ተሰረዘ። ለፍርድ ቤት ይግባኝ አለ፤ ቢረታ ለባርነት ይሸጣል። ከሳሾቹ ካቀረቡበት ማስረጃ ዋናው እናቱ በገበያ ጥብጣብ መሸጧና የሰው ልጅ ማጥባቷ ነበር። ዜጋ የሆነች ሴት እንዲህ ያለ ሥራ አትሠራም፣ ስለዚህ ባዕድ ወይም ባሪያ ነበረች ማለታቸው ነው። አባቱንም አነጋገሩ የባዕድ ነው ብለውታል። ልጁ ግን ምክንያቱን አስረዳ። አባቱ በዴኬሌያው ጦርነት ተማርኮ፣ ሌውካስ በምትባል ደሴት ተሽጦ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው የተመለሰው፤ ንግግሩ የተለወጠው በዚያ ነው። ኋላም ሌላ ዘመቻ ወጣ። እናቱ ሁለት ልጆች ይዛ በችግር ቀረች። ክሊኒያስ የሚባለውን ሕፃን ያጠባችው ያን ጊዜ ነው።

ዴሞስቴንስ ባዘጋጀለት ንግግር ኤውክሲቴዎስ ይህንን አልካደም። በዚያ ዘመን በከተማዋ መከራ ምክንያት ብዙ ዜጎች የሆኑ ሴቶች አጥቢዎች፣ ሱፍ ፈታዮችና ወይን ለቃሚዎች እንደሆኑ፣ ከእነሱም መካከል ኋላ ሀብታም የሆኑ እንዳሉ ለዳኞቹ ነገራቸው። በገበያ የሚሠራን ዜጋ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ በሥራው የሚሰድብ እንደሚቀጣ የሚያዝዘውን ሕግም አስነበበ። ከዚያም አዎን፣ ጥብጣብ እንሸጣለን፣ ኑሯችንም እንደምንፈልገው አይደለም ብሎ አመነ። ባዕዳን ብንሆን ኖሮ በገበያው የባዕዳንን ግብር ከፍለን በተገኘን ነበር፤ መዝገቡ ይታይ አለ።